ሠላሳ አንደኛው ቀን

እርጅናዋ አልበቃ ብሎ ጨመሩበት። የሜካፕ ባለሙያዋ ዪሁዋ በላንዪን ጉንጭ ላይ ፈሳሽ ላስቲክ በስፖንጅ ትቀባለች፤ ቆዳውን በሁለት ጣቷ ወጥራ በፀጉር ማድረቂያ ታደርቀዋለች፤ ጣቷን ስትለቅ ቆዳው ተጨማድዶ ይሰበሰባል። ላንዪን መስታወቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ወደፊት ስትሄድ ራሷን አየች። ከሁሉ የከፋው፣ ፊቱ እንግዳ አልሆነባትም። እናቷ በመጨረሻው ሳምንቷ ልክ ይህን ትመስል ነበር።

«የራስሽ የፊት መስመር እኮ ምንም አይልም ነበር፣ እትዬ» አለች ዪሁዋ። «ግን ዳይሬክተሯ ‹ያያት ሁሉ መጮህ አለበት› ብላለች። አንቺን አይቶ ደግሞ ማን ይጮኻል?»

«መታወቂያዬን ያየ ሁሉ።»

ዪሁዋ ስቃ ስፖንጁን ጣለችው። ላንዪንም መሳቅ አማራት፤ ላስቲኩ ስላልደረቀ ግን ሳቋን ዋጠችው።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ባል ሳታገባ የሞተች አሮጊት አለች፤ ዘመዶቿ ነፍሷ እንዳትንከራተት ብለው ፀጉሯን፣ ጥፍሯንና የተወለደችበትን ቀን በቀይ ፖስታ አድርገው መንገድ ላይ ይጥላሉ። ያነሣው ወንድ ባሏ ነው፤ ወደደም ጠላም። አንድ ወጣት ያነሣዋል። ከዚያ በየሌሊቱ እሷ ስታንስ እሱ ያረጃል። እንግዲህ ላንዪን በሃያ ሁለት ዓመቷ የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ ባሏ ሆኖ የተጫወተው ሰው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ያ የፍቅር ፊልም ተባለ፤ ሕዝቡ አልቅሶ ወጣ። ዕድሜው ተገልብጦ ሲመጣ አስፈሪ ፊልም ሆነ። መንፈስ መሆኗ ምርቃት ነው፤ ተመልካቹን የሚያስጮኸው የአሮጊቷ እጅ የወጣቱ አንገት ላይ ሲያርፍ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ይህ ያናድዳት ነበር እንጂ አያስፈራትም። የሚያስፈራት ሌላ ነው። ወጣቱን የሚጫወተው ሃውዌን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ካሜራ በሌለበትም ከሰባት ወር ወዲህ ጫማውን እሷ በር ላይ የሚያወልቀው እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ የሬሳ ሣጥኑ ቀረጻ ነው። ሃውዌን ሣጥን ውስጥ ያያታል፤ ፊቱ ላይ ያ ፍርሃት መምጣት አለበት። አርባ ዓመት በሥራው ላይ ኖራለችና፣ ጥሩ ተዋናይ የሌለውን ከየትም እንደማያመጣ ታውቃለች፤ ሆዱ ውስጥ ካለው ነው የሚያወጣው። ያ አስተያየት ከመጣ ድሮም ነበረ ማለት ነው።

ሐሙስ ደግሞ ደረቷ ይከፈታል። አንደኛው የልቧ በር በደንብ አይዘጋም። ሐኪሙ ብዙ ሰው ድኖ እንደሚወጣ ነግሯት፣ የቀረውን ሳይነግራት የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ሰጥቷታል። ወረቀቱን ከጠረጴዛ ልብሶቹ ሥር ደብቃ ለማንም ሳትናገር ሥራዋን ቀጠለች።

ቀረጻው ከታይናን ከተማ ወጣ ባለ መንደር፣ ባለ ሦስት ክንፍ አሮጌ የጡብ ቤት ውስጥ ነበር። ከቤቱ ጀርባ የዓሣ ኩሬዎች እስከ ባሕሩ ይዘረጋሉ። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ራስ ያዞራል። ካሜራው እግር ሥር አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ተቀምጧል፤ መሣሪያው ሳያኮርፍ እንዲውል የሚቀመጥ ክታብ ነው፤ ቢርበውም የሚነካው የለም።

የዕቃ ኃላፊው አጎት አሹዪ ሰዉን ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ሰባ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ሲያኝክ ከሚውለው ፍሬ አፉ የቀላ ሰው ነው፤ በሙታን ወግ ጉዳይ ከዳይሬክተር ፋን ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው።

«ስሙኝ። ነገ ሰባተኛው የጨረቃ ወር ይገባል። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ የመንደሩ ቤተ መቅደስ ከበሮ ይመታል፤ የሙታን በር ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሣጥኑ ባዶ ይሁን። ክዳኑ ሲገጠም ሁላችሁም ጀርባችሁን አዙሩ፤ ጥላው ሣጥን ውስጥ የቀረበት እኔ ዘንድ መጥቶ እንዳያለቅስ። የተኛችውም በገዛ ራሷ አትነሣም። አንድ ሰው ስሟን ሦስት ጊዜ ይጠራታል፤ ‹አለሁ› ስትል ክዳኑ ይነሣል። ሳትመልስ ክዳኑን የሚነካ የለም።»

«እንቅልፍ ቢወስዳትስ?» አለ አንዱ የመብራት ሠራተኛ።

«አንተ ትገባና ትቀሰቅሳታለህ።»

የሳቀ አልነበረም። አሹዪ የቀን መቁጠሪያውን ገለጠ። «አሁን ደግሞ፣ ቀኑ ከነብር ጋር ይጋጫል ይላል። በነብር ዓመት የተወለደ ከግቢው ይውጣ፤ ቅያሜ የለም።»

ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡ። ላንዪን ካለችበት አልተነቃነቀችም። በመታወቂያዋ የጥንቸል ዓመት ልጅ ናት። እውነቱን የምታውቀው እናቷ ነበረች፤ የነብር ሴት ባሏን ትበላለች፣ ሙሽራ ቤትም አትገባም ስለሚባል፣ አዲሱ ዓመት እስኪገባ ሕፃኗን ደብቃ በጥንቸሉ ዓመት አስመዘገበቻት። ላንዪን ይህን በሕይወቷ ለአንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ላይ ለሃውዌን ነግራዋለች። አሁን እጇን አውጥታ መናገር ነበረባት። ግን ሃምሳ ሰው ፊት ስልሳ አንድ ሳይሆን ስልሳ ሁለት ነኝ ማለት ከበዳት። አንድ ዓመት ምን ዋጋ አለው የሚል ይኖራል፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ለወደደች ሴት አንድ ዓመትም አንድ ዓመት ነው።

«የሚጠራት ማነው?» አለ አሹዪ።

«እኔ» አለ ሃውዌን፤ ጥያቄው ሳያልቅ።

ሰዎች ተያዩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነውና፣ ላንዪን ተደብቆልኛል ያለችውን ሰው ሁሉ ሳያውቅ አልቀረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሃውዌን የምሳ ሣጥኗን አመጣላት፤ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ በሩዝ፣ እንቁላሉን ከራሱ ጨምሮ። ሰው ባለበት እንደ ልማዱ «ይብሉ እንጂ፣ እትዬ ላንዪን» አላት። ሌላ ቀን እንዲህ ሲል ዓይኑ ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ፊቷን አላየም። እጆቿን፣ የምሳ ሣጥኑን፣ መሬቱን አየ፤ ፊቷን ብቻ ዘለለው። ከዚያ ራቅ ብሎ ብቻውን ተቀመጠ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ላንዪን ሥጋውን በማንኪያ እየገፋች፣ መጣ አለች በልቧ። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ እንጋባ ብሏታል፤ አንዴ ወጥ ቤት፣ አንዴ ሞተር ብስክሌቱ ላይ በትራፊክ መብራት ቆመው፣ አንዴ ደግሞ አትክልት ተራ ውስጥ። ሦስቴም ስቃበታለች። «የጋብቻ ምዝገባ ቢሮው ሰዎች ‹ልጅዎ ሊያገባ ነው? ሙሽራዋስ?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» ብላዋለች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። አሁን በአሮጊት ፊቷ ውስጥ ተቀምጣ፣ ምነው አንዱን ጊዜ እንኳ እሺ ባልኩት ኖሮ ስትል ተጸጸተች።

አሥር ሰዓት ገደማ ቀይ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ በዕቃ ጠረጴዛው በኩል አለፈች። ዕቃዎቹ ተደርድረዋል፤ ቀይ ፖስታውም እዚያ ነበር። ከቀረጻ በፊት ሁሉን ነገር አንዴ መንካት ልማዷ ስለሆነ አነሣችው። አልታሸገም ነበርና ከፍታ መዳፏ ላይ ገለበጠችው።

በክር የታሰረ ፀጉር ወጣ። ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ቡናማ። ላንዪን ፀጉሯን ቀለም ከተቀባች ሁለት ወር አልፏታል፤ ሥሩ ልክ እንዲህ ነጥቷል። ሁለት የጥፍር ቁራጮች ነበሩ፤ የዕንቁ ቀለሟ ዳር ዳሩ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋችው። «የነብር ዓመት፣ ስምንተኛው ወር፣ አሥራ ሰባተኛው ቀን፣ የዶሮ ሰዓት።»

የዶሮ ሰዓት ማለት አመሻሽ ነው። ሊገባ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

ልቧ አንድ ምት ዘለለ፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ መታ። ጠረጴዛውን ይዛ እስኪረጋላት ጠበቀች። መጀመሪያ ያሰበችው እናቷን ነበር፤ ቀኑንም ሰዓቱንም የምታውቀው እሷ ናት፤ የሙታን በር ደግሞ ዛሬ ይከፈታል። አንገቷ ሥር ላቡ ቀዘቀዘ። ዞር ብላ ለማየት እንኳ ፈራች።

«አሹዪ» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አስተካክላ። «ፖስታው ውስጥ የማንን ልደት ነው የምትጽፈው?»

አሹዪ መጋረጃ እየሰቀለ ሳያያት መለሰ። «የማንንም። የፈረስ ጭራ አስርና፣ ‹ሠላሳ አንደኛው ቀን› ብዬ እጽፋለሁ። የጨረቃ ወር ሃያ ዘጠኝ ነው ወይ ሠላሳ። በሠላሳ አንድ የተወለደ ሰው የለም፤ በሕይወት ያለም፣ የሞተም። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቼ አንድም ሰው አልሞተብኝም።»

ስለዚህ ሌላ እጅ ገብቶበታል። ሙት ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ አይጽፍም። ወረቀቱን ደግማ ስታይ የጽሑፉን ማዘንበል አወቀችው፤ የማቀዝቀዣዋ በር ላይ «ወተት አለቀ» ብሎ የሚጽፈው እጅ ነው።

ሃውዌን ከቤቱ ጀርባ ኩሬው ዳር ቆሞ ነበር። በዚያ ፊቷ፣ በዚያ ልብሷ ስትመጣበት ደነገጠ። መደንገጡን አይታ እንዳላየች አለፈችው።

«ይሄ ምንድነው?»

ፖስታውን አየና ዓይኑን ወደ ኩሬው መለሰ።

«ተናገር እንጂ። ይህን ቀን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚህ ዓለም የለም።»

«ወረቀቱን አገኘሁት» አለ ቀስ ብሎ። «የጠረጴዛ ልብስ ፍለጋ ገብቼ። ሐሙስ ነው፣ አይደል?»

ላንዪን ፖስታውን አጥፋ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር? ዓርብ?»

«ላስጨንቅህ ስላልፈለግሁ ነው።»

«እሺ። ሐሙስ ካልወጣሽ እኔ ማነኝ? የወንድምሽ ልጅ ይመጣል፣ አመድሽን እሱ ይቀበላል። የሞትሽ ማስታወቂያ ላይ የዘመድ ስም በተርታ ሲጻፍ የኔ የት ይገባል? ከመብራት ሠራተኞቹ ጋር? ሦስቴ ጠየቅሁሽ፣ ሦስቴ ሳቅሽ። ዛሬ ካሜራ ፊት፣ ሃምሳ ሰው እያየ ካነሣሁት ግን ባልሽ ነኝ። ማንም አይነጥቀኝም።»

ልታቅፈውም በጥፊ ልትለውም ፈለገች። ምሳ ሰዓት ላይ ፊቷን የዘለለው ለዚህ ነበር። ተጠየፈኝ ብላ ስትቃጠል የዋለችው በከንቱ ነው።

«አንተ የታይፔይ ከተሜ፣ ይህን ወግ ከየት ተማርከው?»

«ከ… ፊልም።»

«ፊልም የማይነግርህን እኔ ልንገርህ። ይሄ የሚደረገው ለሞተች ሴት ነው። ለሞተች ብቻ። የሕያው ሰው ልደት መንገድ ላይ ጥለህ ካነሣህ፣ ሞታለች ብለህ መሰከርክ ማለት ነው። አላገባኸኝም፣ ሃውዌን። ውሰዷት ብለህ አስረከብከኝ። በዛሬው ቀን፣ በተወለድኩበት ሰዓት።»

የፊቱ ደም ሲወርድ አየች። «አላወቅሁም። ላንዪን፣ እኔ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ባታውቅ ነው።»

ከግቢው የዳይሬክተር ፋን ድምፅ ማጉያ ሁለቱንም ጠራ። ፀሐይዋ ከኩሬዎቹ በላይ አንድ ስንዝር ቀርቷታል። ሃውዌን የአሹዪን ወረቀትና የፈረስ ጭራ ከኪሱ አወጣ። ላንዪን በእውነተኛው ፋንታ ፖስታው ውስጥ አስገብታ ሰጠችው። የራሷን ፀጉር፣ ጥፍርና ወረቀት፣ በመንገዷ ከዕቃ ጠረጴዛው ባነሣችው ሌላ ባዶ ቀይ ፖስታ አድርጋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው፤ የሙሽራ ልብሱ ኪስ የለውም። እስኪጨርሱ ድረስ ብቻ፤ ከዚያ ታቃጥለዋለች።

«መልሱን ግን አልሰጠሽኝም» አለ ከኋላዋ።

ዞራ አላየችውም።

ሣጥኑ በትልቁ አዳራሽ መሐል ነበር። ስትገባበት አሹዪ እንደ ደንቡ ለሚተኛ ተዋናይ የሚሰጠውን የመልካም ዕድል ገንዘብ እጇ ላይ አደረገ፤ «ዛሬውኑ ጣፋጭ ግዢበት» ብሏት ሄደ። ተኛች። እንጨቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። ከዚያ «አክሽን» ሲባል ሰማች፤ የሃውዌን እርምጃ በጠጠሩ መንገድ ላይ መጣ፣ ቆመ፤ ጎንበስ ሲል ጫማው ተንቋቋ። አነሣው። ወረቀቱ ሲዘረጋ ሰማች። ከዚያ ደጁን አልፎ ገባና ፊቱ ከላይዋ መጣ።

ያ ስትፈራው የከረመችው አስተያየት መጣ። ፍርሃት ነበር፤ እውነተኛ ፍርሃት፣ ዓይኑ እስኪነጣ። ግን ከእሷ የሚሸሽ አልነበረም። ጣቢያ ደርሶ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው። እርጅናዋን፣ ላስቲኩን፣ ነጭ ዱቄቱን አልፎ እሷን እያየ ነበር፤ እሷን ማጣት ነው ያስፈራው። ሙት መሆን ነበረባትና ዓይኗን አላርገበገበችም፤ እንባዋ ግን በጆሮዋ በኩል ወረደ።

«ካት» አለች ፋን፤ ድምፅዋ ዝግ ብሎ ነበር። «ይሄ ነው። አሁን ክዳኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብርሃኑ ሳያመልጠን።»

አራት ሰዎች ክዳኑን ገፍተው አመጡት። አንድ እጅ የምታስገባ ክፍተት ትተው አቆሙት። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሲያዞር የልብሱ ሽው ሽው ተሰማ። ከዚያ «ካት» ተባለ፤ መብራቶቹ ጠፉ። የቀረው በክፍተቱ የሚገባው ቀይ የምሽት ብርሃን ነበር፤ እሱም እየሳሳ ሄደ።

ያኔ ነው የገባት። መንገድ ላይ የወደቀው የማንም ልደት ነው። የእሷ እውነተኛ ልደት ግን ጡቷ ሥር አለ፤ እሷም በሙሽራ ልብስ፣ ከነብር በሚጋጭ ቀን፣ በተወለደችበት ሰዓት ሣጥን ውስጥ ተኝታለች። ከሁሉ ቀድማ ሥርዓቱን በገዛ እጇ ፈጽማዋለች። ልቧ እንደገና ዘለለ። አንድ፤ ከዚያ ምንም፤ ከዚያ ሁለት ተከታትለው። ትንፋሽ አጠራት። መጮህ ፈለገች፤ ሳትጠራ መናገር ግን ክልክል ነው።

«ሹ ላንዪን።»

ከነአባት ስሟ የጠራት ድምፅ ከእግሯ በኩል መጣ። የወንድ ነው፤ የሃውዌን ይመስላል፤ የማንም ሊሆን ይችላል። በሰባተኛው ወር፣ ከመሸ በኋላ፣ የማታየው ሰው ሲጠራሽ አትመልሺ ብላ ነበር እናቷ ያሳደገቻት፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ነፍሱን አሳልፎ ይሰጣል። መሽቷል? ክፍተቱን አየች። ቀይ ነው ወይስ ጥቁር፣ መለየት አቃታት።

«ሹ ላንዪን።»

አሁን ቀርቧል። ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ማን እንደሚጠራት ያየ የለም። ዝም ካለች ክዳኑ አይነሣም። ከመለሰችም ለማን እንደመለሰች አታውቅም። ሐሙስም እንዲሁ ነው፤ የማደንዘዣ ጭምብል ያደርጉላታል፣ አንድ ሰው ከላይዋ ሆኖ ስሟን ይጠራል።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ። እትዬ የለም፣ የአባት ስም የለም፣ ካሜራ ፊት የሚወጣው ድምፅ አይደለም። ወጥ ቤቷ ውስጥ የሚጠራት ድምፅ ነበር፤ ሃምሳ ሰው እየሰማ፣ እየተሰባበረ።

«ላንዪን። ኧረ በናትሽ፣ የኔ ፍቅር፣ መልሺልኝ።»

አንዱ የመብራት ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

ላንዪን እጇን ጡቷ ሥር ሰደደች። ፖስታው በላቧ ረጥቦ ነበር። መንገድ ላይ የወደቀ ከሆነ የሞተች ሴት ፖስታ ነው፤ ሴቲቱ ራሷ በእጇ የሰጠችው ግን ምን ይባላል? አሹዪም ቢሆን ደንቡን የሚያውቅ አልመሰላትም።

«አለሁ» አለች። ፖስታውንም በክፍተቱ አወጣችው።

አንድ እጅ ያዘው። ሙቅ ነበር፤ እንደ እሷ ያላበ። ልክ በዚያው ቅጽበት ከኩሬዎቹ ማዶ ከበሮው ተመታ። ከበሮው ይቅደም እጇ ይቅደም አላወቀችም። በጨለማው ውስጥ ጫፍና ጫፉን እንደያዙት ቀሩ፤ እሱም አልሳበው፣ እሷም አለቀቀችው።